በቤት ስለሚሠራ የትርኢት ራስ ቁርና በላዩ ስለሚጨመሩት ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን ከቁም ነገር የማይቈጠር የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም ሰዎች በሲኒማ ያዩትን የጦረኛ ወይም የሰው ሠራሽ ፍጡር ራስ ቁር በገዛ እጃቸው በቤታቸው ሠርተው፣ መብራት፣ ሞተር፣ ማራገቢያና ድምፅ ማጉያ እየጨመሩበት፣ በአደባባይ ለብሰው የሚታዩበት ሥራ ነው። ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ አለባበስ ኮስፕሌይ የሚለውን ስም በ1983 በመጽሔት ላይ አውጥተውለታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሥራው ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1939 በኒው ዮርክ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ፣ የመጪው ዘመን ሰው ይለብሰዋል ብለው ያሰቡትን ልብስ ለብሰው ቀርበው ነበር፤ ልብሱንም የሰፋችው ዳግላስ ነበረች።

ስለዚህ ሥራ የሚነገረውን ስንሰማ ሁለት ዓይነት ንግግር ብቻ እናገኛለን። አንደኛው «እንዴት ያለ ብልኅ ነው፤ ዐይኑ ይበራል፣ ፊቱ ይከፈታል» የሚል አድናቆት ነው። ሁለተኛው «ሥራ የፈታ ሰው የሚሠራው ነው» የሚል ንቀት ነው። ሁለቱም ሒስ አይደሉም። አድናቂው መሣሪያው መሥራቱን እንጂ ለምን እንደ ተጨመረ አይጠይቅም፤ ናቂውም ከነጭራሹ አላየውም። እኛ በበኩላችን ነገሩን ከቴአትር ጥበብ እንደ አንዱ ክፍል ቈጥረን በቴአትር ሚዛን ልንመዝነው እንወዳለን። ጥያቄያችንም አጭር ነው፤ የተጨመረው መሣሪያ ለጭንብሉ ምን አደረገለት? ምንስ ወሰደበት?

ፊትን የሚሸፍን ራስ ቁር ጭንብል ነው፤ ጭንብልም በመሠረቱ የማይንቀሳቀስ ፊት ነው። ኀይሉም የሚመጣው ከዚሁ ካለመንቀሳቀሱ ነው። በጃፓን ኖ በሚባለው ቴአትር ተዋናዩ የሚለብሰው የእንጨት ጭንብል አንድም የሚንቀሳቀስ ክፍል የለበትም፤ ነገር ግን ተዋናዩ ራሱን ጥቂት ቀና ሲያደርግ ፊቱ የፈገገ፣ ጥቂት ሲያቀረቅር ያዘነ ይመስላል። ሥራውን የሚሠሩት ብርሃንና ጥላ ናቸው። በአገራችንም የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ያደረገ ፎካሪ ሲንጐራደድ፣ ጎፈሩ ከርሱ ጋራ ሲነሣና ሲወድቅ ላየ ሰው፣ የራስ ጌጥ ነፍስ የሚዘራው ከለባሹ አካል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ በጭንብል ላይ ሞተር የሚጨምር ሰው አስቀድሞ በነበረ እንቅስቃሴ ላይ ሌላ እንቅስቃሴ አመጣ ማለት ነው። ሁለቱ ወይ ይረዳዳሉ፣ ወይ ይጣላሉ።

«እንዲህ ከሆነ በጭንብል ላይ ምንም መሣሪያ አይጨመር» የሚል ቢኖር ግን አንስማማም። በካናዳ የምዕራብ ጠረፍ፣ በቫንኩቨር ደሴት ሰሜናዊ ክፍልና በአካባቢው የሚኖሩት ኳኳካዋክ የሚባሉት ሕዝቦች ሴዳር ከተባለው ዛፍ የሚቀርጹት የመለወጥ ጭንብል አላቸው። ጭንብሉ በውጭ በኩል የቁራ ወይም የተኵላ ወይም የዓሣ ፊት ነው። ለባሹ በእሳት ብርሃን እየጨፈረ ቈይቶ፣ ዘፈኑ ከታወቀው ቦታ ሲደርስ የተሰወሩትን ገመዶች ይስባል። በዚያን ጊዜ የውጩ ፊት ለሁለት ወይም ለአራት ተከፍሎ ይዘረጋል፤ ከውስጡም የሰው ፊት ይወጣል። መሣሪያው ገመድ፣ ማጠፊያና የእጅ ጕልበት ብቻ ነው። የሚያደርገው ነገር ግን ጭንብሉ ከሚናገረው ነገር ጋራ አንድ ነው። ከነርሱ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ዘራቸውን የሚቈጥሩት በመጀመሪያ በእንስሳ መልክ መጥቶ፣ ያንን መልክ አውልቆ ሰው ከሆነ አባት ነውና። ስለዚህ ጭንብሉ ሲከፈት ተመልካቹ የሚያየው የአናጢ ብልኀት ሳይሆን የዚያን ቤት ታሪክ ነው፤ ለባሹም ያንን ለመልበስ በውርስ መብት ያለው ሰው ነው።

የካናዳ መንግሥትም ነገሩ ተራ ጨዋታ አለመሆኑን ሳያውቅ አልቀረም። ጭንብሎቹ የሚወጡበትን ፖትላች የተባለውን ታላቅ ግብዣ ከ1885 ጀምሮ በሕግ ከለከለ። በ1921 በቪሌጅ ደሴት በተደረገ ፖትላች ምክንያት ብዙ ሰዎች ተከሰሱ፤ ጭንብሎቻቸውም ተወስደው ለቤተ መዘክሮች ተከፋፈሉ። ክልከላው ከሕጉ የወጣው በ1951 ነው። ከተወሰዱት ብዙዎቹ በኋላ ተመልሰው፣ ከፊሎቹ በ1980 በአለርት ቤይ በተከፈተው ኡሚስታ በተባለው የባህል ማእከል ይገኛሉ። ይህን ያህል ማስፋታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በገመድ የሚከፈት እንጨት አንድ መንግሥት «ይከልከል» እስኪል ድረስ ኀይል ካገኘ፣ የመሣሪያ ዋጋ በሞተሩ ብዛት እንዳይደለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናገኝም።

ወደ ቤት ሠሪዎቹ እንመለስ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሠራው የአይረን ማንን ራስ ቁር ነው፤ ሲኒማው በ2008 ከወጣ ወዲህ ይህን ያልሞከረ የዚህ ጥበብ ወዳጅ ጥቂት ነው። ዐይኖቹ በነጭ ብርሃን ይበራሉ፤ የፊቱ ሳሕን ወደ ላይ ይከፈታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በግንባሩ ውስጥ በግራና በቀኝ ሰርቮ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ሞተሮች ይቀመጣሉ። ሰርቮ እንደ ተራ ሞተር ዝም ብሎ የሚሽከረከር ሳይሆን በታዘዘበት ማዕዘን ላይ የሚቆም ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ፣ ሳሕኑ ሳይጣመም እንዲነሣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ መዞር አለበት። ትእዛዙን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ አርዱዊኖ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ በ2005 በኢጣሊያ በኢቭሬአ ከተማ መሐንዲስ ላልሆኑ የንድፍ ተማሪዎች ታስቦ የወጣ በመሆኑ፣ የቴአትር ሰው እጅ መግባቱ ከመጀመሪያው ዐላማው የራቀ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከሒሳቡ ላይ ነው። ብዙዎች የሚገዟት 9 ግራም የምትመዝነው ትንሿ ሰርቮ በ4.8 ቮልት፣ ከዘንጓ በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 1.8 ኪሎ ግራም ያህል ትይዛለች። ክብደቱ ያለበት ርቀት 8 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን ይህ ጕልበት ወደ 225 ግራም ይወርዳል። እንግዲህ ሳሕኑ 200 ግራም ቢመዝን አንዲቱ ሞተር ከአቅሟ ዳር ላይ ደርሳለች፤ ሁለቱም ቢሆኑ ያለ ድካም አያነሡትም። ሞተር ከዐቅሙ በላይ ሲታገል ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ላይ ሠሪው ከሱቅ የሚገኘውን አራት ማዕዘን 9 ቮልት ባትሪ አድርጎ እንደ ሆነ፣ ይህ ባትሪ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ለመስጠት የተሠራ ስላይደለ ቮልቱ ይወድቃል፤ ሰሌዳውም ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል፤ ጀግናው በሕዝብ ፊት አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሠሪዎቹ ይህ ሲደርስባቸው ሞተሩን ያሳድጋሉ። ሳሕኑን ማቅለል በተሻለ ነበር፤ ትልቅ ሞተር ትልቅ ባትሪ ይጠይቃል፣ ትልቅ ባትሪም በአንገት ላይ ይከብዳል። ሳኦል ለዳዊት የናሱን ራስ ቁር በደፋለት ጊዜ ዳዊት ሊሄድበት ስላልቻለ አውልቆ እንደ ተወው ከልጅነታችን ጀምረን የምናውቀው ነው።

ስለ ሥራው ብልኀት ግን ልናመሰግን ይገባናል። ለዚያ ሲኒማ የስታን ዊንስተን የሥራ ቤት እውነተኛ ጥሩር የሠራ ቢሆንም፣ በመጋረጃው ላይ ከምናየው እንቅስቃሴ ብዙው በኮምፒዩተር የተሣለ ነው። ስለዚህ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካቻቢቴና ሽቦ ይዞ የተቀመጠው ወጣት፣ ባለ ብዙ ገንዘቡ ሲኒማ በሥዕል ያለፈውን ነገር በእውነተኛ ክብደትና በእውነተኛ ማጠፊያ ሊፈታው ተነሥቷል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሒሳችን የሚጀምረው ሳሕኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። በሲኒማው ውስጥ የፊቱ መከፈት ትርጕም አለው። ሲዘጋ መሣሪያ ነው፤ ሲከፈት በውስጡ የሚፈራና የሚቀልድ ሰው እንዳለ ያሳያል። በትርኢት አዳራሽ ግን ለባሹ አንድ ሰው ባለፈ ቍጥር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። ጭብጨባው በመጀመሪያው ጊዜ እውነተኛ ነው፤ በዐሥረኛው ጊዜ ተመልካቹ የሚሰማው የሞተሩን ጥዝታ ብቻ ነው። ኳኳካዋኮቹ ጭንብላቸውን የሚከፍቱት ዘፈኑ ከቦታው ሲደርስ መሆኑን ያስታውሷል። ዘወትር የሚከፈትና የሚዘጋ በር እንግዳ አያስገባም፤ ነፋስ ነው የሚያስገባው። ደግሞም ሳሕኑ ተነሥቶ የሰውየው ፊት ከታየ በኋላ ዐይኖቹ በግንባሩ ላይ እንደ በሩ የሚቀሩበት ሥራ አለ፤ አራት ዐይን ያለው ጀግና ማለት ነው። አስተዋይ ሠሪ ሳሕኑ ሲነሣ መብራቱ በራሱ እንዲጠፋ ያደርጋል። ይህች አንዲት መስመር ትእዛዝ ከሁለቱ ሞተሮች የበለጠ የቴአትር ዕውቀት አለባት።

ቦባ ፌት የተባለው የስታር ዎርስ ሰው ከዚህ የተለየ ጥያቄ ያመጣል። ንድፉን ያወጡት ጆ ጆንስተንና ራልፍ ማክኳሪ ሲሆኑ፣ በ1980 በወጣው ሲኒማ ከጥቂት ዐረፍተ ነገሮች በቀር ሲናገር አይሰማም። የሚያስፈራው በመቆሙ ነው። በራስ ቁሩ ቀኝ በኩል እንደ አንቴና የቆመች የርቀት መለኪያ አለች፤ ቤት ሠሪዎች አንዲት ሰርቮ ጨምረው በጓንቲ ውስጥ በተሰወረ ማብሪያ ከቀኝ ዐይኑ ፊት እንድትወርድ ያደርጓታል። ብዙ ሰዎች ይህን ጌጥ ይሉታል። እኛ ግን በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከታዩት መሣሪያዎች ለባሕርዩ እጅግ የቀረበችው ይህች ናት እንላለን፤ መውረዷ የዐይን ማተኰር ነውና። ፊት የሌለው ሰው «አንተን አይቼሃለሁ» ሊል የሚችለው በዚህች ብቻ ነው። ነገር ግን ሁሉ ነገር በፍጥነቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰርቮዋ እንደ ተገዛች ብትለቀቅ ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ትወድቃለች፤ ይህም ያስቃል። ሠሪው አንድ ዲግሪ በወረደች ቍጥር 20 ሚሊ ሰከንድ እንድትቈይ ቢያዝዛት፣ 90 ዲግሪውን በ1.8 ሰከንድ ትጨርሳለች። በዚህን ጊዜ አዳራሹ ዝም ይላል። ልዩነቱ የገንዘብ አይደለም፤ የቍጥር አንድ ለውጥ ነው፤ የቴአትር አዘጋጅ ለተዋናዩ «ቀስ ብለህ ዙር» የሚለው ዓይነት ነው።

ብርሃን ራሱ ንግግር ሊሆን እንደሚችል ለማየት ደግሞ ዳፍት ፐንክ የተባሉትን ሁለት ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች መጥቀስ በቂ ነው። በ2001 ሮቦት ነን ብለው በራስ ቁር ፊታቸውን ሸፍነው ወጡ፤ በ2021 መለያየታቸውን እስካስታወቁ ድረስም በመድረክ ላይ ፊታቸውን አላሳዩም። በብርማው ራስ ቁር ፊት ላይ በጥቃቅን መብራቶች ፊደላት ይታዩበት ነበር፤ በወርቃማው ላይ የቀስተ ደመና ቀለማት ይሮጡ ነበር። ፊት የሌለው ሮቦት ሌላ አነጋገር ስለሌለው፣ እዚህ ላይ መብራቱ ተጨማሪ ሳይሆን አንደበት ነው። በ2010 አንድ አሜሪካዊ የትርኢት ዕቃ ሠሪ የወርቃማውን ቅጂ ለመጨረስ 17 ወራት ፈጅቶበታል። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ስናይ «ሥራ የፈታ» የሚለው ስድብ ወዴት እንደሚወድቅ አንባቢ ይፍረድ። (የወታደር ራስ ቁር ሠርተው የዳፍት ፐንክን ቀስተ ደመና የሚያስሮጡበትን ግን በዝምታ እናልፋቸዋለን።)

ስለ ማራገቢያ ከመናገራችን በፊት አንድ የፍርድ ነገር እናንሣ። ለመጀመሪያው የስታር ዎርስ ሲኒማ የነጭ ለባሾቹን ወታደሮች ራስ ቁር በ1976 የሠራው አንድሩ አይንስዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቅጂውን ሲሸጥ የሲኒማው ባለቤቶች ከሰሱት። በ2011 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ይህ ራስ ቁር በሕጉ አነጋገር ቅርጻ ቅርጽ አይደለም፤ የጥበቡ ሥራ ሲኒማው ነው፣ ራስ ቁሩ ግን ሲኒማውን ለመሥራት ያገለገለ መገልገያ ዕቃ ነው ሲል ፈረደ። ብዙ የጥበብ ወዳጆች በዚህ ፍርድ አዝነዋል። እኛ ስለ ሕጉ ለመናገር አልተነሣንም፤ ነገር ግን በፍርዱ ውስጥ ለሒስ የሚጠቅም አሳብ አለ። ራስ ቁር የሚያገለግለው አንድ ነገር አለው። በሲኒማ ውስጥ የሚያገለግለው ካሜራውን ነው፤ ተዋናዩ ሁለት ደቂቃ ለብሶት ካሜራው ሲቆም ያወልቀዋል። የቤት ሠሪው ራስ ቁር ግን ካሜራ የለውም። ለባሹ በሰው በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ሦስትና አራት ሰዓት ይመላለስበታል፤ ሊያይ፣ ሊተነፍስ፣ ከልጅ ጋራ ሳይጋጭ ሊሄድ ይገባዋል።

ለዚህ ነው ማንም የማያጨበጭብለትን ማራገቢያ ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው። የትንፋሽ እርጥበት በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ይጤዛል፤ ለባሹም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዕውር ይሆናል። ለኮምፒዩተር የተሠሩ ሁለት ትናንሽ ማራገቢያዎች፣ አንዱ ከውጭ አየር እያስገባ በመስተዋቱ ላይ ሲያሳልፍ ሌላው የሞቀውን ሲያወጣ፣ ይህን ዕውርነት ያስቀራሉ። እንዲሁም የዐይን መብራት የሚያበራው ወደ ውጭ ብቻ እንዲሆን በጀርባው በጥቍር ነገር ካልተጋረደ፣ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ተመልሶ የለባሹን ዐይን ያጭበረብራል። በየአዳራሹ ዐይናቸው እንደ ፋኖስ እየበራ በጓደኛ እጅ እየተመሩ የሚሄዱ ጀግኖች የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። በጓደኛ የሚመራ ጀግና ጀግና አይመስልም፤ ስለዚህ ይህ የምቾት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የትወና ጥያቄ ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ሥራው የሚሠራው ለመማር ነው፤ በቴአትር ሚዛን መመዘን የለበትም» ይላሉ። እውነት አለበት። አንዲት ቀይ መብራት 2 ቮልትና 20 ሚሊ አምፔር የምትፈልግ ስትሆን፣ በ5 ቮልት ባትሪ ላይ ሳትቃጠል እንድትሠራ 150 ኦም መከላከያ እንደሚያስፈልጋት በደብተር ላይ ካሰላ ተማሪ ይልቅ አንድ ጊዜ መብራት ያቃጠለ ተማሪ አይረሳውም። ነገር ግን ዛሬ ሞተሩ፣ መብራቱ፣ በቃል ትእዛዝ መከፈቱ ሳይቀር ተሟልቶ የተሠራ ራስ ቁር በሱቅ ይሸጣል። በማተሚያ መኪና የሚወጣው ቅርጽም፣ ሞተሩን የሚያዝዘው ጽሑፍም በነጻ ይገኛል። እንግዲህ «ይንቀሳቀሳል» የሚለው ብቻ የእጅ ሥራ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። ሽልማት የሚሰጡ ዳኞች ዛሬም በመንቀሳቀሱ ብቻ ሲሸልሙ ስናይ፣ ካርቶንና ስፖንጅ ቈርጦ በቀለም ብቻ ብረት ያስመሰለው ዝምተኛ ሠሪ ተበድሏል እንላለን። ከዚህ የባሰው በደል ግን ሥዕሉን በነጻ የሰጠው ሰው ስም አለመጠራቱ ነው። በጥናት ጽሑፍ የሌላውን አሳብ ያለ ስሙ መጥቀስ ነውር ከሆነ፣ በራስ ቁር ላይ ነውር የማይሆንበትን ምክንያት አላገኘንም።

ድምፅ ማጉያውን በተመለከተ አስተያየታችን አጭር ነው። ለባሹ በጭንብል ውስጥ ሲናገር ድምፁ ስለሚታፈን ማጉያው ይጠቅማል፤ የነጭ ለባሹ ወታደር ድምፅ በሬዲዮ የሚመጣ ስለሆነ ጥቂት መንኰሻኰሽ መጨመሩም ከባሕርዩ ጋራ ይስማማል። ማይክሮፎኑና ማጉያው ተቀራርበው ከተቀመጡ ግን ማጉያው የራሱን ድምፅ እየሰማ ይጮኻል፤ ስለዚህ ማጉያው ከራስ ቁሩ ወርዶ በደረት ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። ባትሪውም ከርሱ ጋራ ቢወርድ መልካም ነው። በሰው ጭንቅላትና በፕላስቲክ መካከል የሊቲየም ባትሪ ማስቀመጥ፣ ሽቦው ቢላላጥና ቢነካካ ሊግልና ሊቃጠል የሚችል ነገር ከዐይን አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ራስ ቁሩ በማተሚያ መኪና ከሚወጣው ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይለሰልሳል። ስለዚህ በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትቶት የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ሞተሮቹ ደኅና፣ ፊቱ ግን የወረደ ጀግና ነው።